አደራና ሒሳብ

በኖቬምበር 1963 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካዋ የአትላንታ ከተማ ወደ ሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት አንድ ደብዳቤ ተላከ። ጸሐፊው ዋይሊ ብራንተን የተባሉ ጥቁር የሕግ ባለሙያ ነበሩ። ተቀባዮቹ ደግሞ በሚሲሲፒ የገጠር ከተሞችና የጥጥ እርሻዎች እየተዘዋወሩ ጥቁሮች ለመራጭነት እንዲመዘገቡ የሚቀሰቅሱ ወጣቶችና ከእነርሱ ጋር የቆሙ የአገሬው ሰዎች ናቸው። የደብዳቤው ፍሬ ነገር አጭር ነበር፤ ከእንግዲህ መደበኛው የገንዘብ ድጋፍ ይቋረጣል። የወጣው ወጪና የተገኘው ውጤት አልተመጣጠነም፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ለመመዝገብ ለሚቀርቡት ሰዎች በቂ ከለላ አልሰጠም።

ደብዳቤው በክፋት የተጻፈ አልነበረም። ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው የሠራውን ክፋት ለማውገዝ ብዙ ማሰብ አያሻም። ደግ ሰው በቅን ልቡና ያደረገው ነገር ሌሎችን ሜዳ ላይ ሲጥል ግን ቆም ብሎ መመርመር የግድ ይሆናል። ብራንተን የአርካንሳስ ተወላጅ ናቸው። ገና በ1948 ጥቁሮችን የምርጫ ወረቀት አሞላል በማስተማራቸው ሳቢያ ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። ለነጮች ብቻ ተከልሎ በነበረው የሊትል ሮክ ትምህርት ቤት ለመማር የታገሉትን ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ጉዳይ በጠበቃነት ይዘው የተከራከሩትም እሳቸው ነበሩ። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች በጥቁር ላይ የሚደርሰውን መከራ ከመጽሐፍ የተማሩት ሰው አልነበሩም።

ብራንተን የሚመሩት የመራጮች ትምህርት ፕሮጀክት በ1962 ሲቋቋም ገንዘቡን ያገኘው ታኮኒክ፣ ፊልድና ስተርን ከተባሉ ፋውንዴሽኖች ነበር። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ መንግሥትም ሐሳቡን አበረታቷል፤ ወጣቶቹ በየአውቶቡስ ጣቢያው ከነጭ ረብሸኞች ጋር ከሚላተሙ ይልቅ በጸጥታ መራጭ ቢያስመዘግቡ ይሻላል ከሚል ስሌት ጭምር። ገንዘቡ የመላው ደቡብ ነው። በሌሎች ክፍለ ግዛቶች በተለይም በከተሞቹ ቅስቀሳው በአጭር ጊዜ ፍሬ አፈራ፤ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ጥቁር መራጮች ተመዘገቡ። በሚሲሲፒ ግን የሁለት ዓመቱ ድካም ያስመዘገበው ሰው አራት ሺህ እንኳ አልሞላም።

እንግዲህ ብራንተን ምን ማድረግ ነበረባቸው? ገንዘቡ የእሳቸው አይደለም፤ ውስንም ነው። በሚሲሲፒ አንድ ሰው ለማስመዝገብ በሚወጣው ወጪ በሌላ ቦታ ብዙ ሰዎች ለትውልድ የተነፈጉትን መብት ሊጨብጡ ይችላሉ። የአንዱ ወገን መከራ ስለከበደ ብቻ የሌላውን ድርሻ ወስዶ ለእርሱ መስጠት ፍትሕ ነውን? ይህ የተራ ሒሳብ ሠራተኛ ጥያቄ አይደለም። ገበሬ አንድ ቁና ዘር ብቻ ቢኖረው በጭንጫው ላይ በትኖ አይጨርሰውም፤ ለም ወደሆነው ማሳ ይወስደዋል። እንዲህ ያደረገውንም ሰው ጨካኝ የሚለው የለም።

ይሁን እንጂ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ ነገር ተደብቋል። እርሱን ለማየት ሰው በሚሲሲፒ እንዴት ይመዘገብ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

በ1960 ከሚሲሲፒ ሕዝብ ከመቶ 42 ያህሉ ጥቁር ነበር። ለምርጫ ከደረሱት ጥቁሮች መካከል የተመዘገቡት ግን እስከ 1964 ድረስ ከመቶ ሰባት አይሞሉም። በ1890 የወጣውና በኋላም የተጠናከረው ሕገ መንግሥት ለመመዝገብ የመጣ ሰው መዝጋቢው ሹም የመረጠለትን አንቀጽ ገልብጦ ትርጉሙን በጽሑፍ እንዲያስረዳ ያስገድደው ነበር። መልሱ ልክ ይሁን አይሁን የሚወስነው ያው ሹም ብቻ ነው። ለነጩ ቀላሉ አንቀጽ ይመረጥለታል፤ ጥቁሩ መምህር ቢሆን እንኳ ይወድቃል። በ1962 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የአመልካቾች ስም በአካባቢው ጋዜጣ ታትሞ እንዲወጣ አዘዘ። አሠሪው፣ ባለመሬቱ፣ በዱቤ የሚያበድረው ባለሱቅ ሁሉም እንዲያነበው ማለት ነው።

ፋኒ ሉ ሄመር በኦገስት 31 ቀን 1962 ከደርዘን ከሚበልጡ ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ተሳፍረው ከሩልቪል ወደ ኢንዲያኖላ ከተማ ሄዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥጥ የለቀሙ፣ ዕድሜያቸው አርባ አራት የደረሰ ሴት ነበሩ። ፈተናውን ወደቁ። ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ለአሥራ ስምንት ዓመት የሠሩበት እርሻ ባለቤት ማመልከቻቸውን እንዲያነሡ፣ አለዚያ እንዲለቁ ነገራቸው። በዚያው ሌሊት ለቀቁ። በአትላንታው መዝገብ ላይ የዚያ ቀን ውጤት ዜሮ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዲሞክራቲክ ፓርቲው ጉባኤ ፊት ቆመው በቴሌቪዥን የመላውን አሜሪካ ጆሮ የያዙት ሴት ግን የተገኙት በዚያ ዜሮ በተባለው ቀን ነው።

በሒሳቡ ውስጥ የተደበቀው ነገር ይህ ነው። የተመዝጋቢው ቁጥር የአደራጆቹን ሥራ አይለካም፤ የመዝጋቢውን ሹም ጭካኔ ነው የሚለካው። ሰዎቹን ከፍርሃት ማውጣት የአደራጁ ሥራ ነው፤ የተመዘገበውን ስም የሚያጸድቀው ብዕር ግን በተቃዋሚው እጅ ነው። ገንዘቡ በዚያ ቁጥር ከታሰረ፣ ለጋሹ ሳያውቀው የገንዘቡን ቁልፍ ለሹሙ አስረከበ ማለት ነው። አንድ አውራጃ ጭካኔውን ባበዛ መጠን ከጎኑ የሚቆምለት ገንዘብ ይቀንሳል። መጠነኛ ግፍ ያለበት ቦታ ድጋፍ ያገኛል፤ ግፉ ፍጹም የሆነበት ቦታ ግን «ውጤት የለውም» ተብሎ ይተዋል። ጭንጫ መሬት በራሱ ጭንጫ ነው፤ የሚሲሲፒን መሬት ግን ድንጋይ እየለቀመ የሚያለብሰው ሰው ነበር። ስለዚህ የገበሬው ምሳሌ እዚህ ላይ ያነክሳል።

እንዲህም ሆኖ ክርክሩ አላበቃም። በ1965 የምርጫ መብት ሕግ ወጥቶ የፌዴራል መዝጋቢዎች ወደ ሚሲሲፒ ሲገቡ፣ የተመዘገቡት ጥቁሮች ከመቶ 6.7 ተነሥተው በ1967 ከመቶ 60 ገደማ ደረሱ። ይህን የሚያውቅ የዛሬ አንባቢ «ያ ደብዳቤ ስሕተት ነበር» ለማለት ይቸኩላል። ግን ይህ ድሉን አይቶ ጦርነቱን መፍረድ ነው። በኖቬምበር 1963 ብራንተንም ሆኑ በሚሲሲፒ የነበሩት አደራጆች ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደሚመጣ አላወቁም። ሕጉ ባይወጣ ኖሮስ? ገንዘቡም ድካሙም በከንቱ ቀለጠ ይባል ነበርን? የተረሳን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ማደራጀት ተገቢ ከሆነ፣ ተገቢነቱ ገና ያልመጣ ድል ላይ ሊንጠለጠል አይችልም፤ ድሉ ባይመጣም መቆም አለበት። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ድሉን ሳያይ የሚያልቅ ነው።

ለዚህ ነገር አማርኛ አንድ ቃል አለው፤ አደራ። አደራ ከስጦታም ከብድርም ይለያል። ስጦታ በሰጪው ፈቃድ ላይ ያረፈ ነው፤ ነገ ቢያቆም ይታዘኑበት እንደሆነ እንጂ አይከሰስም። ብድር ልክ አለው፣ ቀን አለው፣ ሲከፈል ያበቃል። አደራ ግን ሳያስፈርም ያስራል። ልክ የለውም፤ ማብቂያውም የተረካቢው መድከም ሳይሆን የአደራው ባለቤት መመለስ ነው። አደራ በላ መባል ሌባ ከመባል የከፋውም ለዚህ ነው፤ ሌባ የሰረቀው ካላመነው ሰው ነው።

በብራንተን ትከሻ ላይ ሁለት አደራ ነበር። አንደኛው በወረቀት የሰፈረው ነው፤ የፋውንዴሽኖቹ ገንዘብና የደቡብ ጥቁሮች ሁሉ ድርሻ። ይህንን አክብረዋል። ሁለተኛው ግን የትም አልተጻፈም። አንዲት የጥጥ ለቃሚ፣ አንድ ጭሰኛ፣ ከኋላቸው የሚቆም አለ ብለው አምነው ወደ ሹሙ ጠረጴዛ ሲራመዱ፣ ያ ከኋላ የቆመው ሁሉ አደራ ተቀብሏል። ከጠረጴዛው መልስ ቤታቸውን ሲያጡ ደግሞ አደራው ይጠነክራል። ገንዘቡ ከዚያች ዕለት በፊት ስጦታ ነበር፤ ከዚያች ዕለት በኋላ ስጦታ መሆኑ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ቀላል ያልሆነ ተቃውሞ ይነሣል። እነዚህ ሰዎች ሕፃናት አልነበሩም። ማንም አልገፋቸውም። ከኒው ዮርክ የመጡት ወጣት መምህር ሮበርት ሞዝስ በ1960 ክረምት ክሊቭላንድ በተባለችው የሚሲሲፒ ከተማ ኤምዚ ሙርን ሲያገኙ፣ ዋናው ሥራ የመራጮች ምዝገባ መሆኑን የነገሯቸው ሙር ናቸው። ሙር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ የአንዲት ነዳጅ ማደያም ባለቤት ነበሩ። ሥራው ከብራንተን ፕሮጀክት በፊት ተጀምሯል፤ ለእርሱም ደም ፈሷል፤ ኸርበርት ሊ የተባሉት የዘጠኝ ልጆች አባት ገበሬ በሴፕቴምበር 1961 በአንድ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል በጠራራ ፀሐይ ተተኩሶባቸው ተገድለዋል። ለጋሹ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ታዲያ ራሳቸው ለመረጡት መንገድ ሌላውን ባለዕዳ ማድረግ ሰዎቹን እንደ ልጅ መቁጠር አይሆንምን?

መልሱ ከድሮው የሲራራ ነጋዴ ሕይወት ሊገኝ ይችላል። ሲራራ ነጋዴ ማንም ሳያስገድደው ይወጣል። በመንገድ ላይ ደግሞ በቅሎና ጠመንጃ ያለው ሌላ ነጋዴ ይቀላቀለዋል፤ እርሱም በፈቃዱ። የመጣው ሰው በቅሎዎቹ የራሱ ናቸው፤ መለየትም መብቱ ነው። ነገር ግን ሽፍታ ካለበት ሸለቆ መሐል፣ የቀረው ጓዝ ጭነቱን አስተካክሎ ሳይጨርስ፣ «የእኔ በቅሎዎች በሌላ መንገድ ይበልጥ ያተርፋሉ» ብሎ ቢለይ መብቱን ተጠቀመ የሚለው የለም። አብሮ የተጓዘ ሰው ዕዳ እስከ ገበያው መድረስ አይደለም፤ የት ላይ እንደሚለይና ከመለየቱ በፊት ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደሚናገር ማወቅ ነው። ረጅሙን መንገድ መጨረስ የማይችል ለጋሽ አስቀድሞ «እስከዚህ ድረስ ነኝ» ቢል ማንም አይቀየመውም። ልኩን ሳይናገር ሰውን ወደ ሸለቆው ካስገባ ግን፣ ሒሳቡ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ሒሳብ ብቻውን ነጻ አያወጣውም።

ገንዘብን በተመለከተ ሌላ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የሥራው ትልቁ ወጪ በማንም መዝገብ ላይ አለመስፈሩ። የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ፣ በአጭሩ ስኒክ፣ ለመስክ ሠራተኞቹ የሚከፍለው በሳምንት አሥር ዶላር ነበር፤ ግብር ተቆርጦ እጃቸው የሚገባው 9 ዶላር ከ64 ሣንቲም። በዚህ ማንም አይኖርም። ያኖሯቸው በየመንደሩ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ አልጋ የለቀቁላቸው፣ ከልጆቻቸው ሳህን የቀነሱላቸው። የኤምዚ ሙር ቤት ማደሪያም ወጥ ቤትም ስብሰባ አዳራሽም ነበር። በኦክቶበር 1962 የሌፍሎር አውራጃ ሹማምንት ለድሆች ይታደል የነበረውን የመንግሥት ትርፍ ምግብ ሲያቋርጡ ሃያ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ችግር ላይ ወደቀ፤ አብዛኛው ጥቁር ነበር። ምግቡ የተቋረጠው በአውራጃው ከተማ በግሪንውድ ምዝገባ ስለተጀመረ ለመሆኑ ማንም አልተጠራጠረም። ከሰሜን በመኪናና በአውሮፕላን የመጣው ምግብ ሲታደል ግን እስከዚያ ቀን ከአደራጆቹ ይሸሽ የነበረው ሰው ተሰልፎ መጣ፤ ከሰልፉም ወደ ምዝገባው። ረሃቡን የፈለሰፉት ሹማምንት ያላሰቡት ውጤት ነው።

በደብዳቤው ምክንያት ሥራው አልቆመም። በዚያው በኖቬምበር 1963 ሰማንያ ሺህ ያህል ጥቁሮች አደራጆቹ ራሳቸው ባዘጋጁት ተምሳሌታዊ ምርጫ ድምፃቸውን ሰጡ፤ ጥቁር መምረጥ አይፈልግም ለሚሉት መልስ ነበር። በ1964 ክረምት አንድ ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞች ከሰሜን መጡ። ወደ 17 ሺህ ሰዎች ለመመዝገብ ቀረቡ፤ የተመዘገቡት 1,600 ያህል ብቻ ናቸው። ሦስት ወጣቶች ተገድለው በግድብ አፈር ሥር ተቀበሩ። ገንዘብ ባለቀበት በኦገስት ወር ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ከተዋናዩ ሲድኒ ፖይቲየር ጋር ስድሳ ሺህ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ በጥሬው በሻንጣ ይዘው ግሪንውድ ገቡ። «እንግዲያው የአትላንታው ገንዘብ መቋረጡ ምንም አላጎደለም» የሚል ሊኖር ይችላል። ይህ አደገኛ አነጋገር ነው። ድሃ ሰው ሳያማርር መራቡ እንጀራ እንደማያስፈልገው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሁሉ ሲያነብ ወደ አእምሮው የሚመጣ አንድ ተቋም አለ። እድር። በእድር ውስጥ ለአሥር ዓመት ያለማቋረጥ እየከፈለ በቤቱ ሞት ያልገባበት ሰው «ገንዘቤ ያለ ውጤት ቀረ» ብሎ አያውቅም። የከፈለው ለውጤት አይደለምና። የከፈለው ድንኳኑ እንዲኖር፣ ወንበሩ እንዲኖር፣ ጡሩምባው በተነፋ ጊዜ የሚመጣ ሰው እንዲኖር ነው። ከፈለው ለዝግጁነት ነው ማለት ይቻላል። የተረሳን አካባቢ ማደራጀትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሕግ የሚሻሻልበት ወይም ምርጫ በእውነት የሚካሄድበት ቀን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ በመጣ ጊዜ ግን የሚተማመኑ፣ በስም የሚጠራሩ፣ ተሰብስበው መነጋገር የለመዱ ሰዎች ከሌሉ ቀኑ ዝም ብሎ ያልፋል። እርግጥ ነው እድር የእኩዮች ማኅበር ነው፤ ከፋዩም ተረጂውም አንድ ናቸው። ፋውንዴሽን ግን ቀባሪ እንጂ ሟች ሊሆን አይችልም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከዚህ ልዩነት ነው የውጭ ገንዘብ ችግር የሚፈልቀው። ከሩቅ የሚመጣ ገንዘብ የአደራጁን ዓይን ቀስ በቀስ ወደ ሩቅ ያዞረዋል። በመንደሩ ማታ ማታ ሲወያይ ያመሽ የነበረው ሰው ሪፖርት ሲጽፍ ማምሸት ይጀምራል። ገንዘቡ የመጣበት ስሜት ሲለወጥም ገንዘቡ ይሄዳል፤ ስኒክ ከ1966 በኋላ «የጥቁር ኃይል» የሚለውን መፈክር ሲያነሣ ከሰሜን ይመጣለት የነበረው ገንዘብ ተመናመነ። መንግሥታት ይህንን ድክመት ከማንም በላይ ያውቁታል። በ1969 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው የግብር ሕግ ፋውንዴሽኖች ለመራጮች ምዝገባ ገንዘብ የሚሰጡት ድርጅት ቢያንስ በአምስት ክፍለ ግዛቶች የሚሠራ እንዲሆን ተደነገገ፤ አንድን የተረሳ አውራጃ ለይቶ ለዚሁ ሥራ መደገፍ እጅግ ተጣበበ። በኢትዮጵያም በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከገቢው ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊና ዲሞክራሲያዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ፤ በ2019 በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ በርካታ ማኅበራትን አዳክሟል። አዋጁ የቀረበበት ምክንያት ግማሽ እውነት ነበረው፤ ከውጭ የሚበላ ወደ ውጭ ያዳምጣል። ነገር ግን የውጩን በር መዝጋት የውስጡን ጎተራ አይሞላም። ጎተራው እንዲሞላ የፈለገ መንግሥት ቢሆን ኖሮ የአገሩ ሰው ለመብት ሥራ ሲያዋጣ እንዳይፈራ ያደርግ ነበር።

ከውስጥ ስለሚገኝ ገንዘብ ከተነሣ የታንጋኒካን ነገር መዝለል አይቻልም። በ1954 የተመሠረተው ታኑ ሀብታም ደጋፊ አልነበረውም። ጁሊየስ ኔሬሬ በ1955 በተባበሩት መንግሥታት ቀርበው እንዲናገሩ ወደ ኒው ዮርክ የተላኩት ከአባላት በተሰበሰበ መዋጮ ነው፤ ከዚያ መልስም የመምህርነት ሥራቸውን ለቅቀዋል። ቢቢ ቲቲ መሐመድ በዳሬሰላም ሴቶችን በሺህ እያስመዘገቡ ወደ ድርጅቱ ያስገቡት በዘፈንና በጭፈራ ማኅበራት በኩል ነበር። እነዚያ ማኅበራት ለሰርግና ለሐዘን ገንዘብ ማዋጣትን ቀድሞውኑ የለመዱ ናቸው። ፖለቲካው የመጣው ገንዘብ በአደራ መያዝ ወደሚያውቁ ሴቶች ቤት ነው።

ሚሲሲፒ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት የነበረው በሆምስ አውራጃ፣ ማይልስተን በተባለች መንደር ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራሉ መንግሥት እርሻዎችን ገዝቶ ለጥቁር ጭሰኞች በረጅም ዓመት በሚከፈል ዝቅተኛ ወለድ መሬት አከፋፈለ። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ስለ ምርጫ አንድ ቃል አልነበረም። ማንም ውጤቱን በተመዝጋቢ ቁጥር አልለካም፤ መሥሪያ ቤቱም ራሱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 1963፣ አሥራ አራት የማይልስተን ሰዎች ሌክሲንግተን ወደሚገኘው ፍርድ ቤት ሊመዘገቡ ሄዱ። ከፊት የቀደሙት ሃርትማን ተርንቦው የራሳቸውን መሬት የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። በሚቀጥለው ወር ቤታቸው በሌሊት በእሳት ተጠቃ፤ ፖሊስ ያሰረው ግን ራሳቸውን ነው፣ ቤትህን ራስህ አቃጥለሃል ተብለው። ፋኒ ሉ ሄመርን በአንድ ምሽት ከእርሻ ያስወጣው ዓይነት ጌታ ግን በተርንቦው ላይ አልነበረም። ከሆምስ አውራጃ ሮበርት ክላርክ በ1967 ለሚሲሲፒ ምክር ቤት ተመረጡ፤ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ጥቁር የምክር ቤት አባል ሆኑ። ለስምንት ዓመት ያህልም ብቻቸውን ተቀመጡ።

ይህ ስለ ብራንተን ደብዳቤ የሚናገረው አለ። በሌክሲንግተን ፍርድ ቤት ደጃፍ የቆሙት አሥራ አራት ሰዎች ከአትላንታ የማይታይ የሃያ ዓመት ገንዘብ በእግራቸው ሥር ነበር። በሌሎቹ አውራጃዎች እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ እዚያ የአትላንታው ገንዘብ መሬቱንም ጊዜውንም ተክቶ እንዲሠራ ነበር የተጠበቀው፣ ያውም በሁለት ዓመት ውስጥ።

ሮበርት ሞዝስ በ1969 ከባለቤታቸው ጋር ወደ ታንዛኒያ መጡ፤ እስከ 1976 ድረስም ሳሜ በምትባለው ከተማ ሒሳብ አስተማሩ። ወደ አሜሪካ ከተመለሱ በኋላ በ1982 ከማክአርተር ፋውንዴሽን ለአምስት ዓመት የሚከፈል ሽልማት አገኙ። ገንዘቡን የድሃ ልጆች አልጀብራ እንዲማሩ ለሚጥር አዲስ ፕሮጀክት አዋሉት፤ ኋላም ወደ ሚሲሲፒ ተመልሰው በጃክሰን ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ሥራውን አልተዉትም። ያ የአምስት ዓመት ገንዘብ ሲሰጥ የሚሞላ የሪፖርት ቅጽ አልነበረውም።